ሕልሙ ውስጥ የነቃው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ሀምዱ ጣቱን መቁጠር የጀመረ ሰሞን፣ መካነ ሰላም ከተማ ገበያ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሥራ ፈታ። እንዴት አይፈታ! አምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጎ ለቁም ነገር ያበቃ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሱሪ የሚቆርጥ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ እጁን ፊቱ ላይ ዘርግቶ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…" ሲል ማን ዝም ብሎ ያልፋል? ቆጥሮ ሲጨርስ ደግሞ ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ ያደርግና "አሁን እውን ነው ወይስ ሕልም?" ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው። ግን በረንዳው ጠባብ፣ የጎረቤቱ ጆሮ ደግሞ ሰፊ ነው።

ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ መለሰ ነው። መለሰ ክርስቲያን ነው፤ ሲምል ግን "ወላሂ" ይላል። በዚህ አገር ይኼ የሚገርመው ሰው የለም።

"ሀምዱ፣ ወላሂ አንድ ነገር ሆነሃል" አለው አንድ ቀን። "ጣት ጎደለህ እንዴ? መቀሱ በላብህ?"

"አልጎደለኝም፣ አልሀምዱሊላህ።"

"ታዲያ ምን ትቆጥራለህ?"

"ሕልም እንዳይሆን ብዬ ነው።"

መለሰ ደንበኛውን ግማሽ ፂሙ እንደተላጨ ትቶት ብቅ አለና ራሰ በራውን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገ። "ይኼ ሕልም ቢሆንማ እኔ ፀጉር ይኖረኝ ነበር! ይኸው አየኸው፤ እውን ነው። በል ሱሪህን ስፋ።"

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርናችሁ ሀምዱን ታሙታላችሁ። እሱ ደግሞ የሚታማ ሰው አይደለም።

ሀምዱ ድምፅ አለው። ድምፅ ስንል እንዲህ እንደዋዛ የሚባል ድምፅ አይደለም። የስፌት መኪናውን እየረገጠ መንዙማ ማንጎራጎር ሲጀምር መንገደኛ መንገዱን ይረሳል፣ ገበያተኛ ዋጋ መከራከሩን ይተዋል። ግን አንድ ጉድ አለበት፤ ቀና ብሎ የሚያዳምጠው ሰው ካየ አለቀ፣ ድምፁ ጥርቅም ይላል። ይኼን የሚያውቁ ሁሉ ከጀርባው፣ ከግድግዳው ሥር ተደብቀው ነው የሚሰሙት። ሀምዱም ተደብቀው እንደሚሰሙት ያውቃል፤ የማያውቅ መስሎ ይሰፋል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እሱና ታላቅ ወንድሙ ጠልሐ የማይጠሩበት ዱዓ፣ የማያሞቁት ሠርግ አልነበረም። ሀምዱ መንዙማውን ያወጣል፣ ጠልሐ ድቤ የሚባለውን ከበሮ ይመታል፣ የተሰበሰበው ጀማ ይቀበላል። ታዲያ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በአንድ መውሊድ ቀን፣ ሀምዱ እያወጣ ሳለ መሀል ላይ ግጥሙ ጠፋው። ግጥም ለማንም ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን ወጉ፣ ተቀባዩ አዝማቹን እየደጋገመ አውጪው እስኪያገኘው ድረስ ይዞ ይቆይለታል። ጠልሐ ግን ወንድሙ ሲንተባተብ ማየት አንጀቱን በላውና፣ ድቤውን እየመታ ግጥሙን ራሱ ቀጠለው። ለደግ ብሎ ነው። ጀማውም ሞቆት ነበርና ከጠልሐ ጋር ነጎደ። ሀምዱ አፉን እንደከፈተ መሀል ላይ ቆሞ ቀረ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሰው አልሞተ፣ ቤት አልተቃጠለ።

ሀምዱ ግን ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት ቆሞ አላወጣም። ከወንድሙም ጋር ነገሩ ተበላሸ። ተጣሉ እንዳይባል አልተጣሉም። ቢጣሉማ ኖሮ ሽማግሌ በማግስቱ አስታርቆ ያስተቃቅፋቸው ነበር! ሀምዱ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ምን ብሎ ይክሰስ? "ወንድሜ ግጥም ቀጠለልኝ" ይበል? ስለዚህ ዝም አለ። ጠልሐም ዝምታው ሲበዛበት የእህል ንግዱን ይዞ ማሻ ከተማ ገባ። ዒድ ሲመጣ በሚስቶቻቸው ስልክ "ሰላም በይልኝ" ይባባላሉ። ከዚያ አያልፍም።

ሕልሙም የጀመረው ያኔ ነው። ሀምዱ ሕልሙ ውስጥ ዳስ መሀል ይቆማል። ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ፊት ለፊት ጠልሐ ድቤውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ አይናገር፣ አይስቅ፣ ዝም ብሎ ያየዋል። ሀምዱ ሊያወጣ አፉን ሲከፍት ጉሮሮው ክር ተወትፎበታል። ያ በየቀኑ የሚሰፋበት ክር ነው። ቢስበው ቢስበው አያልቅም። ከዚያ ላብ አጥምቆት ይነቃል።

መጥፎ ሕልም ለሰው አይነገርም፤ ሕልም እንደ ፈቺው ነው፣ ክፉ ሰው ከፈታው ክፉ ሆኖ ይደርሳል ይባላል። ሀምዱም ወደ ግራው ትፍ ትፍ ብሎ ጎኑን ይለውጣል። ሚስቱ ኑርጃን "ምን ሆንክ?" ስትለው "ቢምቢ ነከሰኝ" ይላታል። የመካነ ሰላምን ብርድ ችሎ የሚናከስ ቢምቢ የት አግኝቶ ነው! ኑርጃን ግን ብልህ ሴት ናትና፣ ባሏ ሲዋሽ ለምን እንደሚዋሽ ሳታውቅ አትጨቀጭቀውም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት አልፎ፣ ታላቋ ልጅ ሰልሰቢል ለወግዲ አገር ሰው ልትዳር ቀን ተቆረጠ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደው። በነሱ ዘር ሴት ልጅ ስትሸኝ መንዙማውን የሚያወጣው አባቷ ነው። የሀምዱ አባት ለሀምዱ እህቶች አውጥተዋል፣ አያቱም እንዲሁ። ዘመድ ሊያወጣ አይችልም እንዴ ትሉ ይሆናል። ይችላል፤ ግን አባቷ በሕይወት እያለ ሌላ ሰው ያወጣላት ልጅ፣ አባቷ ሳይመርቃት የወጣች ይመስላታል።

"አባዬ፣ አንተ ነህ አይደል የምታወጣልኝ?" አለችው ሰልሰቢል።

"ኢንሻአላህ" አላት፤ አባባሉ ግን ልብ አልነበረውም።

ልጅቷ ገባት። "አባት እያለኝ አባቷ እንደሞተባት ልሸኝ ነው?" ብላ ፊቷን አዞረች። ሀምዱ የዚያን ቀን የአንድ ደንበኛ ሱሪ አንደኛውን እግር ከሌላው አሳጥሮ ሰፋው። እድሜ ልኩን እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቶ አያውቅም።

ታናሿ ልጅ አርዋ ደሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ልቦና የምትማር ናት። ለሠርጉ መሰናዶ ቀደም ብላ መጣች። አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ አባቷ መደብ ላይ ጋደም ብሎ ሸለብ እንዳደረገው፣ ሁለት እጁን ወደ አፉ ሰዶ የማይታይ ነገር ሲጎትት አየችው። ይጎትታል፣ ይጎትታል፣ ያጓራል። ቀሰቀሰችው።

"አባዬ፣ ከአፍህ ውስጥ ምን እያወጣህ ነው?"

ሀምዱ "ቢምቢ" ሊል አሰበና ተወው። ሕልም የሚነገረው ለሚወድህ ሰው ነው፤ ከዚህች ልጅ በላይ ማን ይወደዋል?

"ኸይር ነው፣ መልካም ነው በይ" አላት።

"ኸይር ነው፣ ኸይር ያድርገው" አለች አርዋ፣ እንደ ወጉ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ዳሱን፣ ክሩን፣ ወንድሙን። ዘጠኝ ዓመት የያዘውን ነገር ተንፍሶ ሲጨርስ ከትከሻው ላይ ከባድ ሸክም የወረደ መሰለው።

አርዋ አልሳቀችም። "አባዬ፣ ሕልም ውስጥ እያለህ ሕልም መሆኑን ማወቅ እኮ ትችላለህ" አለችው። "ካወቅክ ደግሞ ሕልሙ ያንተ ነው፤ የፈለግከውን ታደርግበታለህ። መዝፈን፣ መብረር…"

"ተኝቼ?"

"ተኝተህ።"

"ነቅቼ ያቃተኝን?"

"ነቅተህ ስላቃተህ ነዋ! መጀመሪያ ማንም በማይስቅብህ ቦታ ተለማመደዋ።"

አስተማረችው። ማታ ከመተኛቱ በፊት ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ቀስ እያለ ያዳምጣል። ሐሳብ ሲመጣበት አይታገለውም፤ እንደ ገበያ ሰው መጥቶ ይለፍ። ልቡ ረጋ ሲል "ዛሬ ሕልም ሳይ ሕልም መሆኑን አውቃለሁ" ብሎ ይተኛል። ቀን ቀን ደግሞ ጣቱን ይቆጥራል፤ ሕልም ውስጥ የጣት ቁጥር ልክ አይመጣም፣ ቀን የለመደ እጅ ማታም መቁጠሩ አይቀርም። ይኸው፣ የጣቱ ነገር ከዚህ ነው የመጣው።

"አንድ ምልክት ደግሞ ያዝ" አለችው በመጨረሻ። "ሕልምህ ውስጥ ሁልጊዜ የሚኖር፣ በእውኑ ዓለም ግን የማይሆን ነገር ምንድን ነው?"

ሀምዱ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። "ጠልሐ ድቤውን ይዞ ፊቴ መቀመጡ።"

አርዋም "እንግዲያው አጎቴን ስታየው ጊዜ አታጥፋ፤ ይኼ ሕልም ነው በል" አለችው። ይቺ ቃል ኋላ ምን እንዳመጣች ታያላችሁ።

ሀምዱ ነገሩ ከሃይማኖቱ እንዳይጋጭ ብሎ የመስጊዱን ሸህ አህመድን ጠየቃቸው። ሸሁ ፂማቸውን እያሻሹ ሰሙትና "ውዱእ አድርገህ፣ አላህን እያወሳህ፣ በቀኝ ጎንህ ተኛ። ትንፋሽህን ብታዳምጥ ማን ይከለክልሃል፣ ትንፋሹም የሱ ነው" አሉት። ሲወጣ ደግሞ ጠሩትና "ከበረርክ ንገረኝ" አሉት።

አጀማመሩ አያምርም ነበር። ኢሻ ሰግዶ ሲያበቃ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንፋሹን ሲያስገባም ሲያስወጣም "አላህ" ይላል። ከዚያ የመጀመሪያው ሐሳብ ይመጣል፤ የአንዷ ደንበኛ ቀሚስ ዚፑ። እንደ ገበያ ሰው ይለፍ ይላል። ዚፑ ግን አያልፍም፣ ጭራሽ ቁልፉን፣ ገበሩን፣ ባለቤቲቱን አስከትሎ ይመጣል። ደንበኞቹ ሁሉ ተሰልፈው ካለፉ በኋላ ነው ትንሽ ጸጥ የሚለው፤ ጸጥ ሲል ደግሞ ቁጭ እንዳለ ያንኮራፋል።

"አንተ ሰው!" ትላለች ኑርጃን ከአልጋው ላይ። "ተቀምጠህ የምታንኮራፋ ከሆነ ይኼ ሁሉ አልጋ ምን ያደርግልናል?"

ቀስ እያለ ግን ለመደው። ትንፋሹ ሲረጋ ደረቱ ውስጥ ያለው ጭብጥ ፈታ ይላል። ሰውነቱ ይሞቃል። ሕልም ባያይ እንኳ እንዲህ ማረፉን ወደደው፤ ከኢሻ በኋላ ያቺን ሰዓት ቀኑን ሙሉ መናፈቅ ጀመረ።

ከዚያ አንድ ሌሊት ዳሱ መጣ። ሰዉ ሞልቷል፣ ጠልሐ ድቤውን ይዟል፣ ክሩ ጉሮሮው ላይ ነው። ሀምዱ እጁን ወደ አፉ ሲሰድ፣ ቀን የለመደ እጅ ነውና፣ ጣቱን መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት… ስድስት? ስምንት! "ያ አላህ! ሕልም ነው!" ብሎ ጮኸ። ደስታው ስለበዛበት ነቃ። ኑርጃንም በጩኸቱ ነቃች፣ አርዋም ነቃች፣ የጎረቤት ውሻም ነቃ። ሀምዱ በጨለማ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር።

አርዋ "ሲገባህ አትጩህ፤ ረጋ በልና ትንፋሽህን ያዝ" ብላ መከረችው። በቀጣዩ ሕልም ረጋ አለ። ክሩን ከጉሮሮው ሳበው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እየሆነ ወጣለት፣ አለቀም። ከዚያ አወጣ! እንዴት ያለ ድምፅ! መሬቱን ረገጥ ሲያደርግ ብድግ አለ፤ ከዳሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ፣ መካነ ሰላም ከታች እንደ ተዘረጋ ጨርቅ ሆና ታየችው። ሲወርድ ወንድሙ አጠገብ ወረደ። ጠልሐ እንደ ወትሮው ዝም ብሎ ያየዋል። ሕልም ነው፣ ማን ይሰማል ብሎ፣ ሀምዱ ጆሮው ላይ ጎንበስ አለና ለዘጠኝ ዓመት ያልተናገረውን ተናገረ። የሕልሙ ጠልሐ አልመለሰለትም። ሀምዱ ግን ጠዋት ሲነሳ እያፏጨ ነበር ውዱእ ያደረገው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሌሊት እንዲሁ ሆነ። ይነቃበታል፣ ያወጣል፣ ይበራል፣ ወንድሙን ያናግራል። ለሸህ አህመድም ስለ መብረሩ ነገራቸው፤ "ማሻአላህ፣ ማረፊያህን ብቻ እወቅ" አሉት።

ችግሩ ቀን ነው። ሠርጉ ሲቃረብ በረንዳው ላይ መለሰን አስቀምጦ ሊሞክር ቆመ። መለሰ እጁን አጣጥፎ በአክብሮት ጠበቀ። ሀምዱ አፉን ከፈተ፣ ጉሮሮው ጥርቅም። "እኽ" አለ። "እኽ እኽ" አለ።

"ጥሩ ጀምረሃል" አለ መለሰ።

"በሕልሜ ብታየኝ አንበሳ ነበርኩ" አለ ሀምዱ፣ ተስፋ ቆርጦ እየተቀመጠ።

"ታዲያ ሙሽራዋን በሕልም እንዳራት?" አለ መለሰ። እሱ ለቀልድ ነው፤ ሀምዱን ግን አመመው። ልጁ ፊት ቆሞ "እኽ" ሲል ታየው፤ የወግዲ አማቾቹ ሲተያዩ፣ ሰልሰቢል ፊቷን በነጠላ ስትሸፍን ታየው። ስለዚህ ወሰነ። በሠርጉ ቀን ጉንፋን ያዘኝ ብሎ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ ይውላል።

ሀምዱ የማያውቀው ነገር ግን ነበር። ኑርጃንና አርዋ ተመካክረው ማሻ ደውለዋል።

"እኔን ሲያይ ድምፁ ቢብስበትስ?" አለ ጠልሐ በስልክ። የሱም ድምፅ ደህና አልነበረም።

"አይብስበትም፣ አጎቴ። እርስዎ ብቻ ይምጡ፤ ድቤውን ይዘው ይምጡ" አለች አርዋ። ይቺ የሥነ ልቦና ተማሪ አባቷን ምን ብላ እንዳስተማረችው ጨርሶ ረስታዋለች!

የሠርጉ ቀን ረፋዱ ላይ ዳሱ ሞላ። የወግዲ ሰዎች በአንድ ወገን ተደርድረዋል፤ የሙሽራው አባት ከጠዋት ጀምሮ ጥርሳቸው አልታየም። ሰልሰቢል ከጓዳው በር ላይ ጓደኞቿ መሀል ሆና፣ ዓይኗ አባቷ ላይ ነው። ሀምዱ ሻርፑን ጠምጥሟል፣ ሦስት ጊዜም አስልቷል። ሸህ አህመድ ዱዓ አድርገው ሲያበቁ "በል፣ የልጅቷ አባት" አሉ። ሀምዱ ተነሳ። "ጉንፋን" ሊል ነው። አፉን ከፈተ፣ ቀና አለ።

ፊት ለፊቱ ጠልሐ ድቤውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ያየዋል።

ሀምዱ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ሳቅ ብሎ ተነፈሰ። "አይ እኔ!" አለ በልቡ። "ለካ ሕልም ነው!" ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ነገሩ ሁሉ ሕልም ሕልም ይሸታል። የኑርጃን ፍየል አምልጣ ዳሱ መሀል ቆማ ታመሰኳለች። መለሰ ራሰ በራውን ፀሐይ እንዳያቃጥለው ነጭ ፎጣ ጠምጥሞ ከሸሆቹ ጎን ተቀምጧል፤ መለሰ ሸህ ሆኗል! ሕልም ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እስቲ አሁን ጣቱን ቢቆጥር ምን ነበረበት? ያን ሁሉ ቀን ገበያ መሀል እየቆጠረ መሳቂያ የሆነ ሰው፣ በሚያስፈልገው ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልቆጠረም። እንኳንም አልቆጠረ።

ሻርፑን ፈቶ ወረወረው፤ ፍየሏ ላይ አረፈ። ትንፋሹን ረጋ አድርጎ ሳበና አወጣ፦

"ሸኘሁሽ ልጄ ሆይ በዱዓ በሰላም፣
የነቢ ወዳጅ ቤት መንገዱ አይጠፋም።"

 ከግድግዳ ሥር ተደብቀው ይሰሙት የነበሩት ሁሉ ይኼን ድምፅ ከፊት ሰምተውት አያውቁም። ከዚያ ጀማው ጎርፍ ሆኖ ተቀበለው። ጠልሐ ድቤውን ጀመረ። ሀምዱ ሕልሙ እንዲህ ደምቆ አያውቅምና ልቡ ጠፋ። "እናንተ የወግዲ ሰዎች!" አለ፣ ጣቱን ወደ አማቾቹ ቀስሮ። "አላህ እጅ የሰጣችሁ ለሞፈር ብቻ ነው እንዴ? አጨብጭቡ እንጂ!" ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። የሙሽራው አባት መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ቀጥሎ ጥርሳቸው ታየ፣ አጨበጨቡም። ሀምዱ "አሁን ደግሞ ልብረር" ብሎ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ረገጠና ዘለለ። ዱብ ብሎ ወረደ። ጀማው "ሞቀው! ሞቀው!" ብሎ አብሮት ዘለለ። ሀምዱ ጉልበቱን ሲያመው ትንሽ ገረመው፣ ግን አልመረመረም። በረራው እምቢ ካለ ወንድሙ ይቀራል።

ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ አቀፈውና እንደ ወትሮው በጆሮው "ጠልሐ፣ ናፍቀኸኛል። ጥፋቱ ያንተ አልነበረም፤ እኔ ነኝ አፍሬ የሸሸሁህ። አንተ ከሌለህ ዜማው ራሱ ግማሽ ነው" አለው።

የሕልሙ ጠልሐ ተናግሮ አያውቅም። ይኼኛው ግን ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ፂሙ ረጠበ፣ ኮቱ የማሻን መንገድ አቧራ ይሸታል። በታፈነ ድምፅም "ሀምዱ… እግሬን ረገጥከኝ" አለ።

ሀምዱ ቀስ ብሎ ቀና አለ። እጁን አየ። ጣቶቹ አምስት ናቸው። ደግሞ ቆጠረ፤ አሁንም አምስት። ሰልሰቢልን አየ፤ እያለቀሰች ትስቃለች። አርዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ አሁን ነው የገባት። ያ የሚያውቀው ፍርሃት መጣበት፣ ግጥሙም እልም ብሎ ጠፋ። ዳሱ ሙሉ ሰው አፉን አፉን ያያል።

ግን ምኑን ይፍራ? የፈራው ነገር እኮ ሆኖ አልፏል! ሰው ፊት ቆሟል፣ አውጥቷል፣ አማቾቹን ተሳድቧል ማለት ይቻላል፣ ዘልሎም ወድቋል። ፍርሃቱ ከሠርጉ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። ሀምዱ ከሆዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም እየሰማው ወንድሙን "ጠልሐ፣ ጠፋኝ፤ እስቲ አንተ ቀጥልልኝ" አለው።

ጠልሐ ድቤውን ደረቱ ላይ አቀፈ። "ወላሂ አልቀጥልም!" አለ። "አንዴ ቀጥዬልህ ዘጠኝ ዓመት ቀጥተኸኛል!"

"እኔ ነኝ የለመንኩህ፤ ቀጥል እንጂ!"

ጠልሐ ዓይኑን ጠረገና ቀጠለ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሀምዱ ገባበት፤ ሁለቱም አንድ ላይ አወጡ። እንዲህ ያለ ነገር በወጉ የለም፣ አውጪ አንድ ነው። የዚያን ቀን ግን ወግ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሸህ አህመድ ራሳቸው ብድግ ብለው ነበር፤ መለሰም ፎጣውን እያውለበለበ ይቀበል ነበር። ሰልሰቢል ወደ መኪናው ስትሄድ የአባቷን ጉልበት ስማ "አባዬ፣ አሁን ልሂድ" አለች። ሀምዱ መረቃት፤ አሁን ነቅቷል፣ ድምፁም ጥርት ብሎ ነው የወጣው።

ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ከዳሱ ጀርባ አንድ ትሪ ላይ ቀርበው ሲበሉ፣ ሀምዱ ሁሉንም አጫወተው። ጠልሐ ሲስቅ ጉርሻው ትን አለው። ስቆ ስቆ ሲያበቃ ግን እጁን ከትሪው ላይ አነሳ።

"እንግዲያው ያ በጆሮዬ ያልከኝ፣ ለኔ አልነበረም" አለ። "ለሕልምህ ጠልሐ ነው የተናገርከው።"

"ለሱማ በየሌሊቱ ስነግረው ከረምኩ" አለ ሀምዱ።

"እኔ አልሰማሁማ።"

"አልሰማህም።"

"በል አሁን ለኔ ንገረኝ" አለ ጠልሐ።

ሀምዱ የጎረሰውን ዋጠ። ነቅቶ፣ ዓይኑን የወንድሙ ዓይን ላይ አድርጎ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ደገመለት።